የከሰል ቆፋሪው ልጅና የቴሌቪዥኑ መስኮት

የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው ሃሪ ባርተን ከሚስቱ ጋር ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። በመስኮቱ ብቅ ያለው ልጃቸው ናይጀል ነው። ናይጀል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፥ ስለ መደብ ልዩነት ተጠይቆ በትውልድ ቀዬውና በዩኒቨርሲቲው መካከል ተሰንጥቆ መኖሩን ያስረዳል። የሚናገረው ሐሰት የለበትም። አባትና እናቱ የሚሰሙት ግን ሌላ ነው፤ ልጃቸው በሀገር ፊት በገዛ ቤቱ ያፈረ ይመስላቸዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷን በንጽሕና ለያዘች እናት ነገሩ ከስድብ ይቆጠራል። አባትየው በንዴት ይግላል።

ይህ ትርኢት የሚገኘው «ተነሥ፥ ናይጀል ባርተን» በተባለው የዴኒስ ፖተር ተውኔት ውስጥ ነው። ተውኔቱ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን የቀረበው በዲሴምበር 8 ቀን 1965 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው)። ሃሪና ናይጀል የደራሲው ፈጠራ ቢሆኑም ቁስሉ ግን የራሱ ነው።

ፖተር በ1935 የተወለደው በእንግሊዝ ምዕራብ፥ በዌልስ ወሰን አጠገብ በሚገኘው በዲን ደን፥ ቤሪ ሂል በተባለች መንደር ነው። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። አካባቢው የራሱ ዘዬ፥ የራሱ ጸሎት ቤቶችና የነሐስ ሙዚቃ ጓዶች ነበሩት፤ ሰዎቹም ከውጭ ለሚመጣ አስተያየት ቸልተኞች አልነበሩም። ልጁ በትምህርት ጎበዝ ሆነና በ1956 ኦክስፎርድ ገባ። በ1958 ስለ መደብ ጉዳይ በተዘጋጀ የቢ.ቢ.ሲ. ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ስለ ራሱ ኑሮ ተናገረ። ወዲያው አንድ ጋዜጣ የቆፋሪው ልጅ በቤቱ ማፈሩን በትልቅ አርእስት አስነበበ። በዚህም አላበቃም። በ1960 ስለ ትውልድ ቀዬው «በሁለት ወንዞች መካከል» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ፥ በሚያውቁት ሰዎች ላይ ከላይ ወደ ታች እንደሚመለከት አዋቂ ሆኖ ቀረበ። የመንደሩ ሰዎች ተቀየሙት፤ እሱም ቆየት ብሎ በሥራው ተጸጽቷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ የተነገረው ነገር መመለሻ አልነበረውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ዝም ይል፥ ወይም የይቅርታ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። ፖተር ግን ቃሉ ወዳመለጠበት ወደዚያው መስኮት ተመለሰ። ለንደን ውስጥ ስመ ጥር ቲያትር ቤቶች ሞልተው ሳለ ዕድሜውን በቴሌቪዥን ያሳለፈበት ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። በ1960ዎቹ በብሪታንያ የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለሆነም ረቡዕ ማታ የሚቀርበውን አዲስ ተውኔት ቆፋሪውም ፕሮፌሰሩም በአንድ ሰዓት፥ እያንዳንዱ በየቤቱ ሆኖ ይመለከተው ነበር። ቲያትር ቤት የማይደርሰው አባት ጋ ይደርሳል፤ በዚያው ቅጽበት የኦክስፎርድ መምህሩም ጋ ይደርሳል። ለሁለት ዓለም ሰው ከዚህ የተሻለ መድረክ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ሕመምም ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛው ገፍቶታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለ«ዴይሊ ሄራልድ» ጋዜጣ የቴሌቪዥን ሐያሲ ሆኖ ሲሠራ፥ ቆዳን የሚያቃጥልና መገጣጠሚያን የሚያኮማትር በሽታ ያዘው። በ1964 ለሌበር ፓርቲ ለፓርላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ቆሞ ለመሟገት የማይመች አካል ይዞ ወደ ፖለቲካው መመለስ የሚቻል አልነበረም። ጣቶቹ እየተኮማተሩ ሄዱ፤ እሱ ግን በእጁ መጻፉን አልተወም።

የምርጫው ልምድ ለሁለተኛው የናይጀል ባርተን ተውኔት መሠረት ሆነ። በዚህ ተውኔት የምርጫ ዘመቻ አስተባባሪው በቀጥታ ወደ ካሜራው ዞሮ የሙያውን ምስጢር ለተመልካቹ ያጫውታል። ሊተላለፍ በታቀደበት በጁን 1965 ሰዓታት ሲቀሩት ታገደ፤ ከታረመ በኋላ የመጀመሪያው በታየ በሳምንቱ ቀረበ። በ1976 የተሠራው «ዲንና ማር» ደግሞ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ታግዶ፥ ለሕዝብ የታየው በ1987 ነው። ኃላፊዎቹ ፖተርን ያሠሩትም የፈሩትም በአንድ ጊዜ ነበር።

ይሁንና ከእገዳዎቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ የክፍል ትርኢት ነው። ትንሹ ናይጀል የሚማርበት ክፍል ውስጥ ባለ ቢጫ አበባ ላይ ጥፋት ይደርሳል። ጥፋተኛው ናይጀል ራሱ ነው፤ መምህርቷ ስትመረምር ግን የሌላ ልጅ ስም ይጠራል። የሚያስደነግጠው ከዚያ የሚከተለው ነው፤ የክፍሉ ልጆች አንድ በአንድ እየተነሡ ያላዩትን እንዳዩ ይመሰክራሉ። ጎበዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የፈጠረው በዚህ ዕለት ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ልጅ ነበር።

ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። በ1986 ፖተር «ዘፋኙ መርማሪ» በተባለው ስድስት ክፍል ባለው ድራማ ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። ማይክል ጋምቦን የተጫወተው ፊሊፕ ማርሎው ልክ እንደ ደራሲው ቆዳው ተቃጥሎ፥ መገጣጠሚያው ደርቆ በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ የመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ሕፃን ሳለ እናቱን በጫካ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር አይቷታል። በትምህርት ቤት፥ በመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ በስውር ይጸዳዳና ጥፋቱን በዚያ ሰው ልጅ ላይ ይለጥፋል። ክፍሉ እንደገና በሐሰት ይመሰክራል። ማርሎው ይህን ለሐኪሙ የሚናዘዘው ከብዙ ማመንታት በኋላ ሲሆን፥ ያ ልጅ አድጎ የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኑንም ይጨምራል። አበባው ወደ ዓይነ ምድር መለወጡ ደራሲው በራሱ ላይ ይበልጥ መጨከኑን ያሳያል።

በነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል በ1978 የቀረበው «ሳንቲም ከሰማይ» አለ። በ1930ዎቹ የዘፈን ኖታ እየዞረ የሚሸጥ ሰው የቆዩ ሸክላዎች ሲዘፍኑ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ብዙዎች ፖተርን የሚያስታውሱት በዚህ ስልት ነው። በ1979 ደግሞ በጦርነቱ ዘመን በዲን ደን ሲጫወቱ የሚውሉ የሰባት ዓመት ልጆችን ጎልማሳ ተዋንያን እንዲጫወቱ አደረገ። ልጆቹ ሲፈጽሙት የሚታየው ጭካኔ በትልልቅ ሰዎች ገላ ላይ ሲሆን የልጅ ሥራ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። በ1989 ራሱ ያዘጋጀው «ጥቁር ዓይኖች» ግን ክፉኛ ተነቀፈ፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፖተር ከጎኑ «ይህ አይሆንም» የሚለው አዘጋጅ ያስፈልገው ነበር።

በፌብሩዋሪ 1994 የማይድን ካንሰር እንደያዘው ተነገረው። በኤፕሪል በቻናል 4 በተላለፈው ቃለ ምልልስ ሕመሙን ለማስታገስ ሞርፊን እየተጎነጨ ተናገረ፤ ተቀናቃኞቹ ቢ.ቢ.ሲ.ና ቻናል 4 የመጨረሻ ሁለት ድራማዎቹን በጋራ እንዲያቀርቡም ጠየቀ። ጽሕፈቱን ፈጸመ። ሚስቱ ማርጋሬት በሜይ 29 በካንሰር አረፈች፤ እሱም በጁን 7 ተከተላት።

ድራማዎቹ በ1996 በሁለቱም ጣቢያዎች ታዩ። «ቀዝቃዛው አልዓዛር» በተባለው በመጨረሻው ድራማ፥ በሃያ አራተኛው መቶ ዘመን ሳይንቲስቶች በበረዶ ተጠብቆ የቆየን የአንድ ደራሲ ጭንቅላት ትዝታ እየቀዱ በትልቅ መስኮት ላይ ይመለከታሉ፤ አንድ የቴሌቪዥን ከበርቴም ትዝታውን ለሕዝብ ሊሸጠው ይቋምጣል። ከጭንቅላቱ ከሚወጡት ሥዕሎች መካከል የዲን ደን ይገኝበታል፤ በዛፎቹ መካከልም አንድ ሕፃን ልጅ አለ።