ለእትዬ አንድ ቀን ጎደላት

ታላቅ እኅቴ ሰባን ተሻግራለች፤ እኔም የስድሳ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዛሬም ግን «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ። ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ የወትሮው ፍቅር አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ እናታችን እኔን ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የወለደችኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለው ልጇ አጠገቡ ሊያኖራት ወረቀት ጀመረላት። የዚህ የዚህ አገሩን ጣጣ የምጨርሰው እኔ ነኝ። የተማርኩት እኔ ነኛ! ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ፎርም መሙላት ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ ደግሞ ፎርም ሳይ ራሴን ያመኛል። ስለዚህ ሥራውን ለረዳቴ ሰጠሁት።

ረዳቴ ስላችሁ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ በስልክም በኮምፒዩተርም የሚያወራችሁ ነገር ነው። የእኔው ከማውራት አልፎ ኢሜይሌን ከፍቶ እንዲልክ፣ ቀጠሮዬን እንዲመዘግብ፣ ኢንተርኔት ላይ እንዲፈልግ፣ ሒሳብ በፕሮግራም እንዲያሰላ ተፈቅዶለታል። ማን ፈቀደለት? እኔው፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳላነብ እየተጫንኩ።

ጠበቃው «የእናትየው የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስንት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። የምስክር ወረቀቷ መስከረም 1 ቀን 1948 ዓ.ም. ይላል። ረዳቴን «መልስለት» አልኩት። መለሰለታ! «ሴፕቴምበር 11 ቀን 1955» ብሎ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ በአንድ ትንፋሽ ጽፎ ላከው። እኔ እኮ መጀመሪያ ረቂቁን ያሳየኛል ብዬ ነበር። ፓስፖርቷ ሴፕቴምበር 12 ነው የሚለው። ወረቀቱ «አይመሳሰልም» ተብሎ ተመለሰ። ማብራሪያ፣ እንደገና ትርጉም፣ እንደገና ወረፋ። በርበሬዋን አስፈጭታ፣ ሻንጣዋን ገዝታ የምትጠብቅ ሴት ናት።

ልክ የነበረው ፓስፖርቱ ነው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ግን ወደ 12 ይገፋል። 1947 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፣ 1948 ዘመነ ዮሐንስ ሆኖ በ12 ገባ። በ2016ም እንዲሁ ነበር፤ ገናን በ29 መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ያከበርነው በዚሁ ምክንያት ነው።

የገረመኝ ረዳቴ ይህን አለማወቁ አይደለም። ቆይቼ ስጠይቀው የጳጉሜንን ሕግ ከእኔ አሳምሮ ዘረዘረልኝ። ማስያውም እጁ ላይ ነበረ። አልተነሳም እንጂ።

በዚህ ሥራ የሚተዳደር የታናሽ እኅቴ ልጅ አለ። ቡና ጋብዤው አማረርኩ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ መሣሪያውን በእጁ አይነካውም» አለኝ። «ከየመሣሪያው ስም ሥር ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚሰጠው ጥቂት መስመር ተጽፏል። እሱ ያንን ያነብና ያስፈልገኛል ብሎ ከገመተ ‹ይህን ቁጥር ወስደህ ይህን አድርግ› ብሎ ይጽፋል። የሚሠራው ሌላ ፕሮግራም ነው። ውጤቱ በጽሑፍ ይመለስለታል፣ አንብቦ ይቀጥላል።»

«ታዲያ የእትዬን ለምን አላሰላውም?»

«ቀላል መሰለዋ! መስከረም 1 እና ሴፕቴምበር 11 ጎን ለጎን ተጽፈው ስንት ጊዜ አይቷቸዋል። ከበድ ያለ ቁጥር ቢሰጡት ኖሮ ማስያውን ያነሳ ነበር።»

ይቺ «ቀላል መሰለዋ» ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1960 ዓ.ም. ታተመ ብያለሁ። በ1958 ነው። መጽሐፉ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሽፋኑን መግለጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለማላውቀው የግዕዝ ቃል ኪዳነ ወልድ ክፍሌን እገልጣለሁ፤ ለማውቀው ነገር ማን ይገልጣል? ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ 58 አይደለም?» ሲለኝ፣ «እኛ የምናወራው ስለ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ስለ ቁጥር አይደለም» ብዬ አስቀመጥኩት። ፈተና ላይ የክፍሉ እኩሌታ 1960 ብሎ ጻፈ። ምን ላድርግ? ልክ ብዬ አረምኩ። የዚያንም ልጅ 1958 ልክ ብዬ አረምኩ። ልጁ ወረቀቱን ሲቀበል ያየኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ረዳቴ ልመለስ። ቋሚ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ አለው። በንዴት «ምንም ነገር በቃልህ አትመልስ፤ ሁልጊዜ መሣሪያ ተጠቀም» ብዬ ጻፍኩበት። ያን ሰሞን አበሳዬን አየሁ። አንድ ወጣት ገጣሚ የላከልኝን ስንኝ አሳይቼ «እዚህች ጋ አላነከሰችም?» ስለው፣ ኢንተርኔት ወጥቶ የግጥም መጽሐፍ ማሳተሚያ ዋጋ ይዞልኝ መጣ። ስንኟ እኮ ፊቱ ነበረች፤ ማንበብ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

የእኅቴ ልጅ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የትኛውን መቼ እንደሚያነሳና ለምን እንደሆነ ጭምር ይንገሩት። ምክንያቱን ሲያውቀው እርስዎ ያላሰቡትን ጉዳይም በዚያው ይመዝናል።»

ደግሜ ጻፍኩ። ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ስታዞር፣ ቀላል ቢመስልህም በፕሮግራም አስላ፤ ያለፈችው ጳጉሜን ስንት ቀን እንደነበረችም ንገረኝ፤ አንዲት ቀን የሰው ወረቀት ታስመልሳለችና። ዋጋን፣ የቢሮ ሰዓትን፣ የሚለዋወጥን ነገር ሁሉ ፈልግ፤ ካጣኸው አጣሁት በለኝ፣ ክፍተቱን ከራስህ አትሙላው። ግጥም፣ ደብዳቤና ጨዋታ ላይ ግን ቁጭ ብለህ አስብ።

ተሻለው። ቢሆንም ትክክለኛውን መሣሪያ ማንሳት አንድ ነገር፣ በትክክል መያዝ ሌላ ነገር ነው። «ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት የእትዬ ቀጠሮ አለ፣ መዝግብ» አልኩት። የቀጠሮ መመዝገቢያውን አነሳ፣ ጎሽ! ስልኬ ግን ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጮኸና ከአልጋ አስወረደኝ። 3 ሰዓት ያልኩትን የፈረንጅ 3 ሰዓት አድርጎ አስገብቶታል። ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አይጻፍም። ስለዚህ የአገሬን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይረህ አስገባ፣ ያስገባኸውንም ቁጥር መልሰህ አሳየኝ የሚል ጨመርኩ።

የኢሜይሉ ጉዳይ ቀረ። «ሳላየው ምንም አትላክ» ብዬ በትልልቁ ጽፌ ለልጁ ኮራ ብዬ አሳየሁት።

«ጥሩ ነው ጋሼ። አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዛል።»

«አብዛኛውን ጊዜ?»

«ያመልጠው ይሆናል። ወይ ደግሞ የሚያነበው ድረ ገጽ ውስጥ ‹ለእገሌ ላክ› የሚል ነገር ሸሽጎ የጻፈ ሰው ይኖርና፣ ያንን የእርስዎ ትእዛዝ አድርጎ ይቆጥረዋል። ምክር ይምከሩት፣ ግን ቁልፉንም ከኪሱ ያውጡ።» ስልኬን ተቀብሎ የመላክ ፈቃዱን ነሳው። አሁን ረቂቅ ያዘጋጃል፤ መላኪያዋን የምጫነው እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እትዬ ፊት አንገቴን ያስደፋኝ ነገር የዚያችን የአንዲት ቁልፍ ያህል ብቻ ነበር።

ማብራሪያውን ራሴው ጽፌ፣ ስሌቱን አያይዤ ላክሁ። ከዚያ ልክሳት ብዬ ቤቷ ሄድኩና ረዳቴን ፊቷ ላይ ፈተንኩት። መስከረም 1 ቀን 1948 አልኩት። ማስያውን አነሳ፤ ያለፈችው ጳጉሜን 6 ነበረች፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1955፣ ዕለቱም ሰኞ ነው አለ። እኔ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ የላክነው 11 እሑድ ነበር ማለት ነው።

እትዬ ቡናውን መቅዳቷን አቆመች።

«ሰኞ መሆኑንማ እናታችን ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ‹እንቁጣጣሽና ሰኞ ገጥመው ወለድኩሽ› ትል ነበር። አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?»