የእናቴ ባቡር በሰዓቱ ሄደ

የፍራንክፈርትን ኤርፖርት የማያውቅ የጀርመን ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ገሚሳችን እጃችንን ለስደት የሰጠነው እዚያ ነው፤ የቀረነውም ዘመድ ስንቀበልና ስንሸኝ ዕድሜያችንን ፈጅተንበታል። ይህ ኤርፖርት ሁለት የባቡር ጣቢያ አለው። አንደኛው በ1972 የተከፈተው፣ በአንደኛው ተርሚናል ሥር ያለው፣ የአጭር መንገድ ባቡሮች ጣቢያ ነው። ሁለተኛው በድልድይ ተሻግረው የሚደርሱበት፣ በ1999 የተከፈተው፣ ፈጣኖቹ ባቡሮች የሚቆሙበት ነው። (ዘመኑንም ሰዓቱንም የምጽፈው በፈረንጅ ነው፤ ባቡሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅምና።) ዛሬ የማጫውታችሁ በአንድ ቀን በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያየሁትን ጉድ ነው።

በኦክቶበር 2023 እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ከተለያየን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ለምን ይህን ያህል ቆየህ የሚለኝ ይኖራል፤ መልሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። ለቪዛው «ወጪዋን ሁሉ እኔ እችላለሁ» ብዬ መሥሪያ ቤት ሄጄ ፈርሜ፣ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ገዝቼ፣ በአረብ አገር በኩል የሚያመጣትን የአይሮፕላን ትኬት ከፍዬ ስጨርስ ኪሴ ተራቁቶ ቀረ። እንግዲህ የቀረው መቆጠቢያ ባቡሩ ነው አልኩ።

በጀርመን አገር ለረዥም መንገድ ባቡር ፍሌክስፕራይስ የሚሉት ሙሉ ዋጋ አለ፤ እሱን የከፈለ በዕለቱ በፈለገው ባቡር ይሳፈራል። ሽፓርፕራይስ የሚሉት ደግሞ ቀደም ብሎ ለገዛ እጅግ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከአንዲት ባቡር ጋር በቃል ኪዳን ያስራል። የርካሹ ርካሽ፣ ዙፐር ሽፓርፕራይስ፣ ገንዘብ መመለስ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ የገዛሁት እሱን ነው። ለሁለታችን፣ ወንበር ከማስያዣው ጋር፣ ሃምሳ ዩሮ አልሞላም፤ ሙሉው ዋጋ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ከስልሳ በላይ ነበር። አይሮፕላኑ 7:30 ይገባል፣ ባቡሩ 10:02 ይነሣል፤ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ተኩል። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው በኑርንበርግ ከተማ የለም ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ለራሴ መሄጃ በዚያው ዓመት በሜይ የተጀመረው፣ ያኔ በወር 49 ዩሮ የሚከፈልበት ዶይቸላንድ ቲኬት ነበረኝ። በፈጣኑ ባቡር አይሠራም እንጂ በዝግታኞቹ መላ አገሩን ያስኬዳል። ዋዜማውን በእሱ መጥቼ ሌሊቱን ኤርፖርት ወንበር ላይ ኩርምት ብዬ አደርኩ።

ንጋት ላይ ቀና ብዬ ሰሌዳውን ባይ የእናቴ አይሮፕላን 11:55 ይላል። ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ አየሁ፤ ያው 11:55። የመነሻው አይሮፕላን ዘግይቶ ኖሮ የመሸጋገሪያው አምልጧታል፤ በሚቀጥለው አሳፍረዋታል።

ወደ ትኬት መስኮቱ ሮጥኩ። እዚያ ያለችው ሴት ነገሬን በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለችኝን አልረሳውም፦ «አይሮፕላኑ የእኛ አይደለም።» ሕጉ ይኸው ነው። ባቡሩ ራሱ ዘግይቶ ከመድረሻዎ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያስረፍድዎታል ከተባለ ቃል ኪዳኑ ይፈታል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ይቻላል። አይሮፕላን ቢዘገይ ግን የባቡሩ ጥፋት አይደለምና ትኬቱ እዚያው ይሞታል። ሴትዮዋ አዝናልኝ ነው መሰል አንድ ነገር ጨመረችልኝ፦ አንዳንድ አየር መንገዶች ከአይሮፕላኑ ትኬት ጋር አብረው የሚሸጡት ሬይል ኤንድ ፍላይ የሚባል የባቡር ትኬት አለ፤ እሱን የያዘ አይሮፕላኑ በገባበት ቀን ወይም በማግሥቱ ባገኘው ባቡር ይሳፈራል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር፤ እኔ የአይሮፕላኑን ትኬት ስገዛ ስለ ባቡር የጠየቀኝም የለም፣ የጠየቅሁትም የለም።

በስልክ ያማከርኩት ወዳጄ «ታዲያ አየር መንገዱን ካሣ ጠይቃ» አለኝ። የአውሮፓን የመንገደኞች ሕግ ማለቱ ነው፤ ቁጥሩ 261፣ የወጣውም በ2004 ነው። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ካሣ ያስገኛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከአውሮፓ ውጭ የሚነሣ ጉዞ በሕጉ የሚጠቃለለው አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው። የእናቴ አልነበረም። ከዚህ ለሚሄድ ሰው ግን ሕጉ በማንኛውም አየር መንገድ ላይ ይሠራልና ልብ በሉት።

10:02 ሲቃረብ እግሬ ወደ ፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ወሰደኝ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። የጀርመን ባቡር መዘግየቱ መተረቻ ነው፤ ያን ዕለት ብቻ በደቂቃው መጣ፣ በደቂቃውም የእኔንና የእናቴን ወንበር ባዶውን ይዞ ሄደ።

እናቴ ከበሩ የወጣችው 1:10 ከሰዓት ላይ ነው። ይህንንም ያዙልኝ፦ አይሮፕላን መሬት ነካ ማለት ሰው ወጣ ማለት አይደለም፤ ፓስፖርት አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ቀረጥ አለ። (ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለማይገባ ቅቤውንና ቋንጣውን አስቀድሜ አስትቻታለሁ፤ በርበሬና ሽሮው ግን ሃያ ኪሎ ይሆናል።) በተሽከርካሪ ወንበር ነበር ያመጧት። እንዴት እንደተገናኘን አልጽፈውም።

ዕንባዋን ጠርጋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ባቡሩ አመለጠን አይደል?» ብላ ነው።

«ሌላ አለ፣ እማዬ።»

«ስንት ከሰርክ?»

«ምንም። ይለውጡታል።»

አየችኝና ዝም አለች።

ለፈጣኑ ባቡር ሙሉ ዋጋ ብከፍል ከመቶ ሃያ ዩሮ በላይ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ደግሞ ሩቅ ነበር። እግሯ አብጧል። አፍሬ፣ ለእሷ በዝግታኞቹ ባቡሮች ቀኑን ሙሉ በመላ አገሪቱ የሚያስኬደውን የአንድ ቀን ትኬት ገዛሁ። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 9 ሰዓት በኋላ ይሠራል። ወደ አሮጌው ጣቢያ ወርደን ወደ ፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ ሄድን፤ ከዚያም የቩርዝቡርጉን ያዝን። ፈጣኑ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚጨርሰው መንገድ በዚህ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ከአሻፈንቡርግ በኋላ ጫካው ይጀምራል፤ የኦክቶበር ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኗል። ከዚያ መንገዱ ከማይን ወንዝ ጋር አብሮ ይጠማዘዛል። እናቴ ግንባሯን ከመስተዋቱ አላላቀቀችም። በቩርዝቡርግ አካባቢ የወይኑን ተክል በየዳገቱ ተሰልፎ ስታይ «ይህ ሁሉ ጌሾ ነው እንዴ?» አለችኝ። ወይን መሆኑን ስነግራት «ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?» አለች። የፈጣኑ ባቡር መንገደኛ በዚህ በኩል ግማሹን በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ እኔ ራሴ አገሩን በቅጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቩርዝቡርግ ላይ ሻንጣውን ተሸክሜ ባቡር ለወጥን። ከኑርንበርግ በፊት ያለው ትልቅ ጣቢያ ፉርት ነው። ከዚያ ወደ ዚርንዶርፍ የምትሄድ ትንሽ ባቡር ትነሣለች። የእኔ ዘመን ስደተኛ ዚርንዶርፍን ያውቃታል፤ የስደተኞች መቀበያው ያለው እዚያ ነው። በ1991 ለእናቴ «ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፣ መኝታም ሰጥተውኛል» ብዬ የጻፍኩላት ከዚያ ነበር። ባቡሩ ቆሞ ሳለ በድንገት ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ከመስኮቱ ሳትዞር። «ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስለ ፈተና ይጽፋል። አንተ የምትጽፈው ስለ ምግብ ብቻ ነበር።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ቆይታ «ትኬቱንስ ስንት ከሰርክ?» አለችኝ። የዩሮውን ነገርኳት። በብር አስላልኝ አለች፤ አሰላሁላት። ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ያዘችና እስከ ኑርንበርግ አልተናገረችም።

በኖቬምበር መጨረሻ የመመለሻዋ ቀን ደረሰ። ወደ ኤርፖርት ሲሄዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባቡሩ ቢዘገይና አይሮፕላን ቢያመልጥ ባቡሩ ከራሱ ትኬት ላይ ጥቂት ይመልስ እንደሆን እንጂ የአይሮፕላኑን አይከፍልም። ስለዚህ ገንዘብ ተበድሬ የፈጣኑን ሙሉ ዋጋ ልገዛላት ተነሣሁ። እናቴ አልሰማችኝም። «በዚያው በቀርፋፋው» አለች።

አይሮፕላኗ የማታ ነበር። ጠዋት ወጥተን፣ በረዶ የነካውን የወይን ዳገት አልፈን፣ ከመነሻው አራት ሰዓት ቀድመን ደረስን። ያመጣኋትን ቡና ከፔርሙዝ እየቀዳሁ ሰሌዳውን አየሁት። ያን ዕለት እንኳ ቢዘገይ በወደድኩ ነበር። በሰዓቱ ተነሣ።