«ይተርፋልን?» ለሚለው ጥያቄ ስለሚሰጠው መልስ

ከቤተ ሰብ አንዱ በድንገት ወድቆ ወደ ሐኪም ቤት በተወሰደ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ሐኪሙን ከብቦ የሚጠይቀው «ይተርፋልን?» ብሎ ነው። ሐኪም ነቢይ አይደለምና የሚመልሰው ከዚህ በፊት በዚያው ሕመም የተያዙትን ሰዎች ቈጥሮ ነው። እኛም ይህ ቈጠራ ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል በአንድ እጅግ በሚያስፈራ ሕመም ምሳሌነት ልንጽፍ ወደድን፤ ሕመሙም በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚሆን የደም መፍሰስ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

የአንጎል ግንድ ዋናውን አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋራ የሚያገናኝ፥ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል አካል ነው። መካከለኛው ክፍል በላቲን ቋንቋ ፖንስ፥ ማለት ድልድይ ይባላል፤ ደሙም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው በዚሁ ስፍራ ነው። በድልድዩ ፊት በኩል እጅና እግርን የሚያዝዙት የነርቭ መሥመሮች ይወርዳሉ፤ በጀርባው በኩል ደግሞ ሰውን ነቅቶ እንዲኖር የሚያደርጉት፥ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱትና በትንፋሽ ሥራ የሚረዱት ማዕከሎች ተጠጋግተው ይገኛሉ። ስለዚህ በሌላው የአንጎል ክፍል ቢፈስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚተርፍበት አንድ የሻይ ማንኪያ ደም፥ ማለት 5 ሚሊ ሊትር ያህል፥ በዚህ ሲፈስ ሕይወትን ያሠጋል፤ 10 ሚሊ ሊትር ካለፈ ተስፋው እጅግ ይመነምናል። ዋናው ምክንያት ሳይታከም የቆየ የደም ብዛት ነው፤ ትንንሾቹን የደም ሥሮች በየዕለቱ እየጐዳ ቆይቶ አንድ ቀን ይሸነቍራቸዋል።

በ1971 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን እስኪታይ ድረስ ሐኪም በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ የፈሰሰውን ደም ራሱን ለማየት አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሙን በስፍራው መክፈል ተቻለ። በ1992 ቹንግና ፓርክ የተባሉ የኮሪያ ሐኪሞች ስድሳ የሚያህሉ ሕሙማንን ተመልክተው በአራት ከፈሉት። ድልድዩን ፊትና ጀርባ፥ ግራና ቀኝ ከሞላባቸው ሰዎች ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ተረፉ፤ በጀርባው በኩል ሁለቱን ወገን ከያዘባቸው 14፤ በፊትና በጀርባ መጋጠሚያ ላይ ከሆነባቸው 26፤ በጀርባው በአንድ ወገን ብቻ በጥቂቱ ከፈሰሰባቸው ግን ከመቶ 94ቱ ተረፉ። የሕመሙ ስም አንድ ሲሆን በ7ና በ94 መካከል ያለውን ርቀት አንባቢ ይመልከት። (የኮሪያ ስም ለእኛ ለጉርድ ሾላ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ወደ ኮሪያ ዘምቷል፤ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው በገርጂ በኩልም የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን በ2004 የከፈተው ሆስፒታል ይገኛል።)

ይህን ያስጠናን የአንድ ጎረቤታችን መታመም ነው። እሳቸው ብዙ ዘመን ታሪክ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። በሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ልጆቻቸው «የአንጎል ግንድ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው ተስፋ ቈረጡ፤ አንዳንዱም «ገንዘቡ በከንቱ ከሚያልቅ በአልጋቸው ላይ ይረፉ» ይል ጀመር፤ የእድሩ ሰዎችም ስለ ድንኳኑ ተነጋገሩ። በማግሥቱ አንድ ወጣት ሐኪም ታላቂቱን ልጅ ጠርቶ ሥዕሉን አሳያት። ሽምብራ የምታህል ነጭ ነጥብ በአንድ ወገን ብቻ ነበረች። «ይህ ከአራቱ ትንሹ ነው» አላት። እርስዋም ወደ ወንድሞችዋ ወጥታ «አባታችንን ከዚህ አናወጣም» አለች። ሽማግሌው ከሳምንታት በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ስለሚታያቸው ሊጠይቃቸው የሚገባውን ሁሉ «መንታ ሆናችሁ መጣችሁን?» እያሉ ያሥቁት ነበር።

ከስፍራውና ከብዛቱ ሌላ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ንቃት በማርክ ይለካሉ። በ1974 በግላስጎው ከተማ የወጣው ሚዛን ዓይን መግለጥን፥ መናገርንና መንቀሳቀስን መርምሮ ከ3 እስከ 15 ይሰጣል። እኛ ማርክ በመስጠት የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን የዚህን ነገር ጥቅሙንም አደጋውንም እናውቀዋለን። ከአርባ ተማሪዎች ሠላሳው ይወድቃሉ ብሎ መገመት ይቻላል፤ የትኛው ልጅ እንደሚወድቅ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ይልቁንም መምህሩ «ይህ አይሆንለትም» ብሎ የተወው ልጅ በእርግጥ ይወድቃል፤ መምህሩም «ብያችሁ ነበር» ይላል። በ2001 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የነበሩ ሐኪሞች ይህንኑ በሕሙማን ላይ አገኙት፤ አይተርፍም ተብሎ ሕክምናው የተቋረጠበት ሰው ይሞታል፤ ሞቱም ተመልሶ ለቍጥሩ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት በ2022 ባወጡት መመሪያ፥ ሕመምተኛው አስቀድሞ ኑዛዜ ካልሰጠ በቀር፥ ሕክምናን የመተው ውሳኔ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ሙሉ ቀን እንዲዘገይ መክረዋል።

ይህን ስንል ድልድዩን ሁሉ የሞላው ደም አይገድልም ማለታችን አይደለም፤ ይገድላል፤ እውነቱን የሚሰውር ሐኪምም ቤተ ሰቡን ይበድላል። ለጽኑ ሕሙማን ክፍል መሬቱን የሸጠ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለምና፥ ቤተ ሰብ ከመወሰኑ በፊት ደሙ በየትኛው ወገን እንደ ሆነ፥ መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ማርኩ ከትናንት ወዲህ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ደግሞም ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የድልድዩ ፊት ተጐድቶ ጀርባው ሲተርፍ ሰውዬው እንደ በድን ይተኛል፤ እጁም አንደበቱም አይታዘዙለትም፤ ነገር ግን ሁሉን ይሰማል፥ ሁሉንም ያስተውላል። ሐኪሞች ከ1966 ጀምሮ ይህን «የተቈለፈበት» ሲሉ ሰይመውታል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና መጨፈን ብቻ ነው። እንግዲህ «ብትሰማኝ ወደ ላይ ተመልከት» ብሎ ሳይጠይቁ በአልጋው ራስጌ ስለ ቀብር መነጋገር አይገባም።

የታሪክ መምህሩ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ጧት ጧት በባቡሩ መሥመር ዳር ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደው የደም ብዛታቸውን ያስለካሉ፤ ሁለቱን ቍጥሮች በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ የላይኛው ከ140 ያለፈ እንደ ሆነ ግን እንደ ቀድሞ ልማዳቸው በቀይ ቀለም ያሰምሩበታል።