በታይላንድ አገር ስላለው ነጭ ቤተ መቅደስ

በታይላንድ ሰሜን፥ ከቺያንግ ራይ ከተማ አጠገብ፥ ሮንግ ኩን የሚባል መንደር አለ። በዚያ ያለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ለማየት ከቤተ ሰባችን ጋራ በማለዳ ሄድን። ከሩቅ ባየነው ጊዜ በረዶ የለበሰ ተራራ መሰለን። ቀርበን ስንመለከተው ግን ሁለንተናው ነጭ ሆኖ በጌጡ መካከል ጥቃቅን መስተዋት ተሰክቶበታል። ንጣቱ የቡድሃን ንጽሕና፥ መስተዋቱም የትምህርቱን ብርሃን ያመለክታል ይላሉ።

ይህን ሕንፃ ያቆመው ንጉሥ ወይም መኰንን አይደለም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓመት በዚያው መንደር የተወለደው ቻለርምቻይ ኮሲትፒፓት የሚባል ሠዓሊ ነው። የመንደሩ አሮጌ ቤተ መቅደስ ተጐድቶ ማደሻ ገንዘብ ስለ ታጣ፥ በ1997 በራሱ ገንዘብ እንደ አዲስ ይሠራው ጀመር። ከሌላ ሰው ስጦታ ቢቀበልም ከ10,000 ባት በላይ አይወስድም፤ ይኸውም ብዙ የሰጠ ሰው በሥራው ላይ እንዳያዝዝበት ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባው በድልድይ ነው። ከድልድዩ ግርጌ በመቶ የሚቈጠሩ እጆች እንደሚለምን ሰው ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ የማይጠግበው የሰው ምኞት ምሳሌ ናቸው። ታናሺቱ ልጃችን ይህን አይታ ደነገጠችና እጃችንን አጥብቃ ይዛ፥ «አባባ፥ እንመለስ» አለችን። ነገር ግን በድልድዩ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው። ስለዚህ «እጆቹን ተዪና በሩን ተመልከቺ» ብለን አሻገርናት።

ጫማችንን አውልቀን ከገባን በኋላ፥ በግድግዳው ላይ የሲኒማ ጀግኖችና በኒው ዮርክ የተቃጠሉት ሕንፃዎች ተሥለው አየን። በመጀመሪያ ይህ ከጸሎት ቤት ጋራ ምን አገናኘው ብለን አጕረመረምን። ጥቂት ቆመን ስናስብ ግን፥ ሠዓሊው የጥንቱን ሰው ሳይሆን የዘመኑን ሰው ፈተና መሣሉን አስተዋልን።

በ2014 በሜይ ወር የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውንና ሥዕሉን ጐዳው። ሠዓሊው ከሐዘኑ ብዛት የተነሣ አፈርሰዋለሁ ብሎ ነበር፤ መሐንዲሶች መርምረው ሕንፃው ጽኑ መሆኑን ባረጋገጡለት ጊዜ ግን አሳቡን ለውጦ አደሰው።

የታሰቡት ሕንፃዎች 9 ሲሆኑ፥ ሥራው የሚፈጸመው በ2070 ገደማ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ሠዓሊው ቢኖር ዕድሜው 115 ዓመት በሆነ ነበር። ፍጻሜውን እንደማያይ እያወቀ ሥራውን የሚቀጥሉ ደቀ መዛሙርት ያስተምራል። እኛ አባቶች ግን የዘራነውን ሁሉ በራሳችን ዘመን ካላጨድን እንቈጣለን።

ያን ቀን እኛም አንደርስበትም። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ግን፥ በድልድዩ ላይ እንመለስ ያለችው ልጃችን የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ታሻግር ይሆናል።