የእማዬ ስልክ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ እማዬ የምትኖረው እዚያው አቅራቢያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ብደውል አታነሳም። ለካ ስልኳን ቤት ጥላ ከጎረቤቶቿ ጋር ስታለቅስ አድራለች።

ከዚያ ወዲህ የማይነሳ ስልክ ያስደነግጠኛል። ጆሮዋ እየደከመ ሲመጣ፣ በእሷ ስልክ ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ፣ የእኔን ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል ብዬ ደወልኩ። የሚደወልላት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቤይሩት ያለችው እህቴ ስትደውል አነሳና «ደህና ናት» እላታለሁ።

በሳምንቱ ቡና እያፈላች፣ «ልጄ ረሳችኝ መሰለኝ፤ ስልኬ ዝም አለ» አለችኝ። አፈርኩ።

ያደረግኩትን ነገርኳት። መሰላል መሰላል 21 መሰላል ብዬ ሰረዝኩት። ከዚያ አስፈቅጄያት በ21 ፈንታ 61 አስገባሁ፤ እሱ ሳይነሳ የቀረውን ጥሪ ብቻ ነው የሚያዞረው።

አሁን ስልኩ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ይጮኻል። ወደ እኔ ከመጣ አላነሳችም ማለት ነው፤ «ምን ሆና ይሆን?» ብዬ ቤቷ እሄዳለሁ። ብዙውን ጊዜ የማገኛት ደጅ ላይ ሽሮዋን ስታሰጣ ነው።