ሊማሊሞን የሚወጣው ሎሚ

ባለቤቴ የደም ማነስ ኪኒኗን በሻይ እንድትውጥ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ኪኒኑ ሆዷን ሲያገላብጣት፣ ሽታው ሲያስጠላት ባይ አንጀቴ አልችል አለና «በትኩስ ሻይ ሞክሪው እስቲ» አልኳት። ተመቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ በበላን ቁጥር ወፍራም ሻይ በገዛ እጄ እየቀዳሁ፣ ኪኒኑን ከብርጭቆው ጎን እያስቀመጥኩ አቀርብላት ነበር። እየተንከባከብኳት መስሎኝ ነበር።

የምንኖረው አዲ አርቃይ ነው። እኔ እዚሁ ቆላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እሷ የደባርቅ ልጅ ናት። በሁለታችን አገር መካከል ሊማሊሞ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጋቢ ከሚያስደርበው ብርድ ተነስቶ በላብ ወደሚያጠምቀው ሙቀት ያወርዳል። አማቴ ከላይ ሆነው በመኪና ጦስኝ ይልኩልናል። ተራራው ላይ የበቀለ፣ ጥላ ላይ የደረቀ ጦስኝ ነው፤ ከረጢቱ ሲፈታ ቤቱን ያውደዋል። እኔ ደግሞ ከጓሯችን ሎሚና ፓፓያ፣ ሲደርስም ዘይቱን እየለቀምኩ ወደ ደባርቅ ገበያ እልካለሁ። መኪናው ሲወርድ ጦስኝ፣ ሲወጣ ሎሚ ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ሁሉ ሎሚ አንዱን ጨምቄ ለነፍሰ ጡር ባለቤቴ አልሰጠኋትም። በእኛ ቤት ሎሚ ጉንፋን ሲይዝ የሚፈለግ ነገር ነበር። ፓፓያም ቢሆን ወይ ይሸጣል፣ ወይ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሲኬድ በፌስታል ይያዛል። ጤነኛ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ፍራፍሬ ቢበላ ገንዘብ እንደ ማባከን እቆጥረው ነበር።

ወሩ መጋቢት ነበር፣ ሁዳዴ። ነፍሰ ጡር ናትና እንዳትጾም ብትመከርም እምቢ አለች። ውሎ ሲያድር ድካሙ ጠናባት። እንስራ ይቅርና ጆግ ውኃ ስታነሳ ልቧ ይመታል፤ ከንፈሯ ነጣ። እኔ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» እላለሁ። አንድ ጠዋት በር ልጠግን ገለጥ ሳደርገው፣ ከበስተኋላው የግድግዳው ምርጊት መዳፍ በሚያህል ቦታ ተፈርፍሮ አየሁ። አይጥ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ሳየው የጥፍር ፈለግ ነበር። ባለቤቴ አፈር አምሯት እየፋቀች ትበላ ኖሯል። ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አፈር ማማር ብዙ ጊዜ ከአይረን እጥረት ጋር እንደሚያያዝ ያኔ አላውቅም ነበር።

ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመረምራት የደሟ መጠን 9 ነጥብ 4 ሆነ። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። «ኪኒኑን በትክክል ትውጣለች?» ሲሉኝ «አንድ ቀን አልዘለለችም» አልኩ፤ እውነቴን ነበር። በምን እንደምትውጠው ግን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ነገሩን የደረሰችበት ከሳምንት በኋላ ቤታችን የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ምሳ ሰዓት ደርሳ እንደ ልማዴ ሻዩን ቀድቼ፣ ኪኒኑን ሳቀርብ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ሻይ ይመልሱት» አለችኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ሻዩ ኪኒኑ ውስጥ ያለውን አይረን ይይዘዋል። ሆዷ ይገባል እንጂ ደሟ ጋ አይደርስም።»

ዝም አልኩ። እሷ በሩ ሥር የተቀመጠውን ቅርጫት እያየች «ሎሚው የማን ነው?» አለች።

«የእኛው ነው፤ ነገ ደባርቅ ይወጣል።»

«እንግዲያው ለእሷ ያስቀሩላትና በውኃ ጨምቀው ይስጧት። ኪኒኑን በእሱ ትዋጠው።»

ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። መድኃኒቷን በአንድ እጄ እየሰጠኋት በሌላው እጄ ስቀማት ነው የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እያነበብኩ፣ የሚያውቁትንም እየጠየቅኩ ተረዳሁት። ሻይ ውስጥ ታኒንና ሌሎች ፖሊፊኖሎች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ አፍን ጭብጥ የሚያደርገው ምሬት የእነሱ ነው። አይረኑን ሆድ ውስጥ አስረው ወደ ደም እንዳይሰርፅ ያደርጉታል። በተለይ ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከጎመን የሚገኘው የእህልና የአትክልት አይረን በቀላሉ ይታሰራል፤ የሥጋው ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ በጾም ወራት፣ ሥጋ በማይቀመስበት ጊዜ፣ የሻዩ ጉዳት ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የሚሰርፀውን አይረን በ64 በመቶ፣ ቡና ደግሞ በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቡናው ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣም ያው ነበር፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። እኛ ደግሞ ገበታ ሳይነሳ ረከቦት የምንዘረጋ ሰዎች ነን።

«ሻይ ቅጠሉን ትቼ ጦስኝ ብቻ ባፈላላትስ?» ብዬም አስቤ ነበር። የዕፅዋት ሻይም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ናና እንኳ ከምግብ ጋር ሲጠጣ አይረን ይይዛል። ጦስኝን ዛሬም እወደዋለሁ፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳል ያስታግሳል። ሰዓቱን ግን ለየሁለት፤ ከምግብም ከኪኒንም ሁለት ሰዓት ያህል አርቄ ነው የማፈላው።

ፍራፍሬው ደግሞ የሻዩን ተቃራኒ ይሠራል። ቫይታሚን ሲ አይረኑን ከሚያስሩት ነገሮች ያላቅቀዋል፣ ወደ ደም እንዲገባም ያግዘዋል። ያ ቫይታሚን ብርቱካን ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። 100 ግራም ብርቱካን ወደ 50 ሚሊግራም ሲይዝ፣ ፓፓያ ወደ 60፣ ዘይቱን ግን ከ200 በላይ ይይዛል። ያን ዘይቱን ነው በሰሃን እየሰፈርኩ ስሸጥ የኖርኩት። ደጋ ላይ ያሉትም ቢሆኑ አልተነፈጉም። በደባርቅና በዳባት አጥር ላይ እረኞች እየቀጠፉ የሚበሉት ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ የዚህ ወገን ፍሬዎች በቫይታሚን ሲ የታወቁ ናቸው።

ባለቤቴ ኪኒኗን በሎሚ ውኃ መዋጥ ጀመረች። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ እንጨምቃለን፣ ከምሳ በኋላ ፓፓያ እንቆርሳለን። በሁለት ወር ውስጥ የደሟ መጠን 11 ነጥብ 3 ደረሰ። ሎሚው ብቻውን አዳናት አልልም፤ ያዳናት ኪኒኑን ሳታቋርጥ መዋጧ ነው። ሎሚው መንገዱን ከፈተለት፣ እኔ ደግሞ መንገዱን መዝጋት ተውኩ። ልጃችን በሰላም ተወለደች።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ወባም ትላትልም አሉበት። ሁሉን በሎሚ የምንፈታው አይደለም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ ሻዩንና ቡናውን ከገበታ ቢያርቅ ወጪ የለበትም። እባካችሁ አርቁት። ሚስታችሁ አፈር ካማራትም አታሳፍሯት፣ ይዛችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቅርጫቱ ዛሬም ወደ ደባርቅ ይሄዳል፤ የምንተዳደረው በእሱ ነው። ማለዳ ለቅመን ስንጨርስ ግን ከመታሰሩ በፊት ልጄ ሳህኗን ይዛ ትመጣለች። ከላይ ከላይ ያለውን፣ ደህና ደህናውን ዘይቱን መርጣ ታወጣለች። እስክትጠግብ ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ገመዱን የማጠብቀው።