ወፍ ያልነገረችው

ሰው በልጅነቱ ያየው ነገር ሁሉ ትርጕሙ በዚያው ጊዜ አይገለጥለትም። አንዳንዱ እንደ ተከደነ ሙዳይ ሆኖ በልብ ውስጥ ይቀመጥና ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይታሰብ ይከፈታል። እኔም በልጅነቴ አይቼ ልፈታው ያልቻልሁት አንድ እንቆቅልሽ ነበረኝ። ይኸውም የእናቴ አባት፥ በላስታ አገር ቄስ የነበሩት አያቴ፥ የእርሻ ወራት በደረሰ ቍጥር በሬዎቻቸውን ጠምደው አስቀድመው የሚያርሱት የራሳቸውን መሬት አልነበረም። ከወንዝ ማዶ ያለውን የሌላ ሰው ማሳ አርሰውና ዘርተው ከጨረሱ በኋላ ነበር ወደ ራሳቸው የሚመለሱት። ሴት አያቴም በዚህ ነገር እያዘኑ፥ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይሉ ነበር። አያቴ ግን መልስ አይሰጡም፤ ጅራፋቸውን አንሥተው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ወደዚያ ማሳ ወረድሁ። የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ነበር። ጠላ ቀድቶ ሲያቀርብልኝ ዋንጫውን በግራ እጁ ሰጠኝ። በግራ እጅ መስጠት ነውር እንደ ሆነ ተምሬ ስላደግሁ በልቤ ተቀየምሁት። ቀኝ እጁን ከጋቢው በታች ወደ ደረቱ አስጠግቶ እንደ ያዘ ያየሁት ኋላ ነው፤ ይህንንም አይቼ ነገሩን ከነገሩ አላገናኘሁትም።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። በተማሪነቴ ዘመን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ማንበብ እጅግ እወድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳቡት በትንሽ መንደር የሚፈጸም ግድያ፥ በመካከሉም አንድ ካህን ያለበት ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን በ1910 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ያወጣው «ሰማያዊው መስቀል» የተባለው ታሪክ፥ አባ ብራውን የሚባል አጭር ቄስ የከበረ መስቀሉን ከታወቀ ሌባ እጅ በብልኀት እንዴት እንዳተረፈ ይተርካል። ይህ ቄስ የሰውን ክፋት ያወቀው ኀጢአተኞች ሲናዘዙ በመስማት ነው። አጋታ ክሪስቲም በ1930 ባሳተመችው በአንድ መጽሐፍ የመንደሩን ቄስ ራሱን ተራኪ አድርጋ፥ ሬሳው በገዛ መጻፊያ ክፍሉ እንዲገኝ አድርጋለች። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት መጨረሻ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ክፍል ይሰበሰቡና የገዳዩ ስም ይጠራል፤ አንባቢም ልቡ ዐርፎ መጽሐፉን ይዘጋል።

በ1998 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ አጎቴን ልጠይቅ ወደ ላሊበላ ሄድሁ። አጎቴም እንደ አባታቸው ቄስ ነበሩ። አሸተን ማርያምን ልሳለም ብዬ ብነግራቸው፥ «እኔም እወጣለሁ» ብለው ምርኵዛቸውን አነሡ። ከከተማው በላይ ያለው አቀበት ብርቱ ስለ ሆነ በየመታጠፊያው እያረፍን ወጣን። ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ እንዳሠራት በትውፊት የሚነገርላት ይህች ቤተ ክርስቲያን ከተራራው ዐለት የተፈለፈለች ናት። ወደ እርስዋ የሚያስገባው መንገድ ዐለቱን ሠንጥቆ የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ትልቅም ትንሽም ተራ ጠብቆ አንድ በአንድ ይገባል። ተሳልመን ከወጣን በኋላ የላሊበላን ቤቶች ቍልቍል እያየን በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን።

ጨዋታችን በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ስለ ተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» ስለሚባለው የወርቅ መስቀል ሆነ። መስቀሉ ቤልጅየም አገር በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ2001 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ ቦታው ተመልሷል። እኔም ያነበብኋቸውን መጻሕፍት አንሥቼ፥ «አባቴ፥ በእኛ አገር ቄስ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲያወጣ ሰምተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አጎቴም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ አውጫጭኝ የሚባለውን ታውቃለህ?» አሉኝ።

የዛሬ ወጣቶች ላያውቁት ስለሚችሉ በአጭሩ ልናገር። አውጫጭኝ፥ በሌላ ስሙም አፈርሳታ የሚባለው፥ ገዳዩ ወይም ሌባው ባልታወቀ ጊዜ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ የሚቈይበት የቀድሞ ሥርዓት ነው። የሚያውቅ ሰው ጠላት እንዳያፈራ ምሥጢሩን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በስውር ያደርሳል፤ እነርሱም የነገራቸውን ሰው ስም ሳያነሡ «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን የፖሊስ ሥራ አድርጎ ደነገገ።

«በ1942 ዓ.ም. እኔ የዐሥር ዓመት ዲያቆን ነበርሁ» አሉ አጎቴ። «በአንድ እሑድ ማለዳ አንድ ገበሬ በወንዙ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ሟቹ ከማዶ ጎረቤቱ ጋር በድንበር ይካሰስ ስለ ነበር የሰው ሁሉ ዓይን ወደዚያ ጎረቤት ሄደ። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ያስቀድስ የነበረ አንድ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ከደጀ ሰላሙ በውጭ ቆሞ ይሳለምና ይመለሳል። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው አፌን በመዳፋቸው ከደኑና፥ ‹ዓይንህ ያየውን አፍህ አይንካው› አሉኝ። መዳፋቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በሦስተኛው ሳምንት አውጫጭኝ ተጠራ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው፥ የሚያውቅ ሰው እንዳይደብቅ ገዘቱ። በሁለተኛው ቀን ወፍ የማዶውን ጎረቤት ስም ጠራች። ምሎ ተገዝቶ ቢክድም የሰማው የለም፤ በጠፍር አስረው ከዛፍ ሥር ጣሉት። አባቴ ማሰሪያውን እንዲያላሉለት ለመኑ፤ እንቢ አሏቸው። በሦስተኛው ሌሊት ነቅቼ ቀና ብል ከጎኔ የሉም። በጨረቃ ብርሃን ብመለከት ከደጀ ሰላም በማይገባው ሰው አጠገብ ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም። እስኪነጋ ድረስ እንዲሁ ተቀመጡ። ጎሕ ሲቀድ ያ ሰው ተነሣና፥ ‹የታሰረውን ፍቱት፤ ደሙ በእኔ እጅ ነው› አለ። ወደ ዳኛም ወሰዱት።»

«እንግዲህ ንጹሑ ሰው ዳነ» አልሁ፤ መጽሐፌን ልዘጋ እንደ ተዘጋጀ አንባቢ ሆኜ።

«ነፍሱ ዳነች» አሉ አጎቴ። «ጠፍሩ ግን ሥጋውን በልቶት ስለ ነበር ቀኝ እጁ ሽባ ሆኖ ቀረ። እርፍ የሚይዝበት እጅ ነው።»

ያን ጊዜ የግራ እጁ ዋንጫ ትዝ አለኝ፤ የአያቴም ጅራፍ፥ የሴት አያቴም ምሬት። ከዐርባ ዓመት በፊት የተቀየምሁት ሰው በፊቴ የቆመ መሰለኝና አፈርሁ።

«አያቴ የሰውየውን ንስሐ አስቀድመው ሰምተው ነበርን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የማውቀው ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ያንን ማሳ ማረሳቸውን ብቻ ነው።»

ስንወርድ ብዙ አልተነጋገርንም። እኔም በልቤ እሟገት ነበር። አያቴ ያወቁትን ቢናገሩ የአንድ ንጹሕ ሰው እጅ በዳነ ነበር። በንስሐ የተሰጣቸውን አደራ ቢያወጡት ደግሞ በዚያ አገር ኀጢአቱን ወደ ካህን የሚያመጣ ሰው ባልተገኘ፥ ያም ገዳይ ራሱ ተነሥቶ የታሰረውን ባላስፈታ ነበር ይሆናል። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ ቈርጬ መፍረድ አልቻልሁም። የመጽሐፉ ቄስ ምሥጢሩን ከፈታ በኋላ ጃንጥላውን ይዞ ይሄዳል፤ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ የቀረው ዕዳ በማን ላይ እንዳረፈ የሚጽፍልን ገጽ የለም። አያቴ ግን ዝምታቸው ዋጋ እንዳስከፈለ፥ የከፈለውም ሌላ ሰው እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ራሳቸውን በቃል ለማጽደቅ አልሞከሩም።

እኔም በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ስኖር በአደራ ዝም ያልሁበት ጊዜ አለ። ዝም ማለቴ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በእኔ ዝምታ ምክንያት እጁ የታሰረ ሰው ኖሮ እንደ ሆነ ማሳውን ሄጄ አላየሁም።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ወደዚያ መንደር አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። የሽማግሌው ልጆች አድገው መሬቱን ራሳቸው ያርሱታል። ከመካከላቸው አንዱ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ጠየቀኝና የአያቴን ስም በነገርሁት ጊዜ በሬዎቹን አቁሞ መጣ። ጠላም ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።